ደብሊን ላይ ነዳጅ ሲቀዳ

እማዬ ቀበቶዋን ፈትታለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣጥፋ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለመውረድ ተዘጋጅታለች።

«ተነሺ እንጂ፣ ደረስን እኮ» አለችኝ።

«ገና ነን እማዬ። ደብሊን ነው።»

«ደብሊን ደግሞ የት ነው?»

«አየርላንድ። አሜሪካ ለመድረስ ገና ወደ ስምንት ሰዓት ይቀረናል።»

ያኔ ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም እስካሁን አይረሳኝም። 2009 ዓ.ም.፣ ሰኔ ወር ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ብዙ ስትቀመጥ ጉልበቷ ያብጣል። እኔ ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ሄጄ፣ ከገርጂ ቤታችን ይዣት እየመጣሁ ነው። ከቦሌ ማታ ተነስተን ሌሊቱን ሙሉ ስንበር አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል ደብሊን አረፍን። ውጪ ካፊያ አለ። ሰማዩ አመድ መስሏል።

በድምፅ ማጉያው ማስታወቂያ ተነገረ። ነዳጅ እየተሞላ ስለሆነ ቀበቶ ፈትታችሁ በየቦታችሁ ተቀመጡ ተባልን። አንዳች ነገር ቢፈጠር ሰው ቶሎ ተነስቶ እንዲወጣ ነው ቀበቶው የሚፈታው። እማዬ ግን ግራ ገባት። «ስንሄድ እሰሩ፣ ስንቆም ፍቱ ይላሉ። ፍቱ ካሉ ለምን አያወርዱንም?» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ከቦሌ ለምን ሞልተው አልተነሱም? አባትሽ ቢሆን ሞልቶ ነበር የሚልካቸው።»

አባዬ ቦሌ ኤርፖርት ነዳጅ ቀጂ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆሞ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ማታ ቤት ሲገባ ቱታው ላምባ ላምባ ይሸታል። የጄት ነዳጅ ከላምባ ብዙም አይለይም። እማዬ የሱን ቱታ ከኛ ልብስ ጋር ቀላቅላ አታጥብም፤ ለብቻው ሳፋ ነበረው። ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር አባዬ ቀና ብሎ ያያል። «ይሄ ከብዶታል» ይላል። ወይም «ይሄስ ቀሎት ነው የሄደው።» ከአነሳሱ ያውቃል። እኔና ወንድሜ ትክክል ይሁን አይሁን የምናረጋግጥበት መንገድ አልነበረንም። ግን እናምነው ነበር።

የእማዬን ጥያቄ እኔም ልጅ ሆኜ አባዬን ጠይቄዋለሁ። ለምንድነው ወደ አሜሪካ ሲኬድ መሀል ላይ የሚቆመው? «ታንኩማ ይችላል» አለኝ። «መሬቱ ነው የማይፈቅደው። እንጦጦ ሽቅብ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሽ የለ? ሞተርም እንደዚያው ነው።»

ነገሩ ይሄው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለ ኤርፖርት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮቻችን የሚጠነክሩት በዚሁ አየር ነው። አውሮፕላን ግን ይቸገርበታል። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሰዋል። ክንፉም የሚያነሳው አየር ስለሚሳሳበት ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነቱን ለማግኘት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። የአዲስ አበባ የማታ ብርድ ለከባድ አውሮፕላን በረከት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 2010 ከአፍሪካ ቀድሞ ቦይንግ 777-200 ኤልአር የሚባለውን አውሮፕላን ተረከበ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ለማመሳከር እንዲመች።) ይሄ አውሮፕላን ከ180 ሺህ ሊትር በላይ ነዳጅ ይይዛል። ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ መብረር ይችላል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ስለዚህ አባዬ እውነቱን ነው፣ ታንኩ ይችላል። ሰውም ሻንጣም ነዳጅም ሞልቶ ግን ከቦሌ መነሳት አይችልም። ከሦስቱ አንዱ መቀነስ አለበት።

ሻንጣውን ደግሞ እናውቀዋለን። እያንዳንዳችን 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች እንይዛለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ የጎረቤት አደራ። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ በእጅ ሚዛን እየመዘንን፣ ከአንዱ እያወጣን ወደ ሌላው እየጨመርን ነው 23 ላይ የምንደርሰው። ሦስት መቶ ሰው ብንሆን ሻንጣችን ብቻ ከ13 ቶን በላይ ይመዝናል። ማን ነው በርበሬውን ትቶ የሚሄድ? ነዳጁ ይቀነሳል። የተቀነሰው ነዳጅ መንገድ ላይ ይቀዳል።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ ግን ሌላ ነው። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ወለል 100 ሜትር አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። ሞልተሽ ትነሻለሽ። ነፋሱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋሻል። 13 ሰዓት ገደማ በአንድ ትንፋሽ በረሽ ቦሌ ነሽ። እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ስንሄድ ቀጥታ ነው፣ ስንመጣ ግን መቆም አለ። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። «ነዳጅ እዚያ ስለሚረክስ ነው» ያለኝ ሰው አለ። አይደለም። ከፍታችን ነው።

መቆሚያው ባለፉት ዓመታት ሲቀያየር ቆይቷል። ድሮ ሮም ነበር። ከዚያ ደብሊን መጣ። ወደ ኒውርክ ሲሆን ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በሎሜ በኩል ሆነ። የሎሜው ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ቶጎ ትንሽ ሀገር ናት፣ ሎሜም ባሕር ዳር ያለች ከተማ። አስካይ የሚባለው አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ እዚያ ሆኖ የምዕራብ አፍሪካን ሰው ከየከተማው ይሰበስባል። የኛ አውሮፕላን ሎሜ ሲያርፍ ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚጭነው። ከአክራ፣ ከአቢጃን፣ ከኮቶኑ የመጣ ሰውም ይገባል። መቆሙ ካልቀረ፣ ቆመህ ሰው ጫን ነው ነገሩ። ከችግር ተነስቶ መናኸሪያ ሆነ።

መቆሚያ ከተማ ግን እንደ ተሠራ አይቀርም። ይሄን የተረዳሁት ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ ስለ ደብሊን ማንበብ ስጀምር ነው።

ከደብሊን በፊት የአየርላንድ ዋናው መቆሚያ ሻነን ነበር። ምዕራብ ጠረፍ ላይ፣ ከአትላንቲክ ማዶ ከሚመጣው አውሮፕላን ፊት ለፊት። ያኔ አውሮፕላኖች ከኒውዮርክ ለንደን ወይ ፓሪስ በአንድ ጊዜ መድረስ አይችሉም ነበር። ሻነን ላይ ይቀዳሉ። ሰዉ ወርዶ ይንጎራደዳል፣ ሻይ ይጠጣል። የዓለም የመጀመሪያው የዲውቲ ፍሪ ሱቅ የተከፈተው እዚያ ነው፣ በ1947። ዛሬ በየኤርፖርቱ ሽቶና ቸኮሌት የምንገዛው ያ ነገር የተወለደው ነዳጅ እስኪቀዳ ከሚጠብቅ ሰው ነው።

ከዚያ ጄት መጣ። አውሮፕላኑ ሻነንን በላዩ እያለፈ መሄድ ቻለ። የአየርላንድ መንግሥት ግን አካባቢው እንዳይሞት ብሎ የቆየ ሕጉን አጥብቆ ያዘ። በአየርላንድና በአሜሪካ መካከል የሚበር ሁሉ ሻነን ማረፍ ግዴታው ነበር። ደብሊን የሚሄድ ሰው ሻነን ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ተነስቶ አጭሯን መንገድ እንደገና ይበራል። ሕጉ በ1990ዎቹ ላላ፣ በ2008 ጨርሶ ቀረ። የደብሊን ሰው በዚያ ሕግ ይማረር ነበር። የሻነን ሰው ደግሞ እንዳይነሳ አጥብቆ ታግሏል። እኔ የነዳጅ ቀጂ ልጅ ነኝና ልቤ ወደ ሻነን ያደላል። ያም ሆኖ፣ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ካለ ነዳጅ ፍላጎት በሕግ ብቻ ቁሙ ብንባል ምን እንደምል አውቃለሁ።

ጋንደር የምትባል ከተማም አለች፣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ። አትላንቲክን የሚያቋርጥ ሁሉ የሚያርፍባት ነበረች። በ1959 አዲስ፣ ያማረ ተርሚናል ተሠራላትና ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥታ መረቀችው። ጄቶች አትላንቲክን በአንድ ጊዜ መሻገር የጀመሩት ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ቤቱ ተሠርቶ እንግዳው ቀረ። በመስከረም 2001 ግን የአሜሪካ ሰማይ በድንገት ሲዘጋ 38 የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋንደር አረፉ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ወረደ። የከተማዋ ሕዝብ ራሱ አሥር ሺህ ገደማ ነበር። ሰዉ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከፍቶ ለቀናት አበላቸው፣ አስተኛቸው። እንግዳ መቀበል የለመደ ከተማ ዓመታት ቢያልፉም አይረሳውም።

አንኮሬጅ ደግሞ አለ፣ አላስካ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ሰማይዋን ስለዘጋች ከአውሮፓ ወደ ጃፓን የሚሄድ በሰሜን ዋልታ ዞሮ አንኮሬጅ ላይ ነበር የሚቀዳው። የጃፓን ሰዎች እዚያ ኤርፖርት ውስጥ የበሉትን የኡዶን ሾርባ እስከ ዛሬ በናፍቆት ያወሩታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሩቅ የሚበር አውሮፕላን መጣ፣ የሳይቤሪያም ሰማይ ተከፈተ። መንገደኛው በአንድ ጊዜ ቀረ። አንኮሬጅ ግን አልሞተችም። ዛሬ በጭነት ከዓለም ትልልቆቹ ኤርፖርቶች አንዷ ናት። ጭነት አይቸኩልም። እግሩ አያብጥም። ነዳጅ ቀንሰህ ዕቃ ትጨምራለህ፣ መሀል ላይ ትቀዳለህ፣ ትርፉ ይበልጣል። አባዬ ይሄን ስነግረው ወዲያው ነው የገባው። «ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ማቃጠል ምን ያደርጋል?» አለ።

የረጅም በረራ ትልቁ ወጪ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልግሽን ነዳጅ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምረሽ ተሸክመሽው ትበሪያለሽ። እሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይነዳል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

ሲንጋፖርን እንውሰድ። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሲንጋፖር አየር መንገድ በ2004 ወደ ኒውዮርክ አካባቢ ቀጥታ መብረር ጀመረ። አራት ሞተር ያለው አውሮፕላኑ ብዙ ነዳጅ ስለሚበላበት በ2013 አቆመ። በ2018 በአዲስ ኤርባስ ኤ350 እንደገና ጀመረ። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ወንበር 161 ብቻ ነው። ኢኮኖሚ የሚባል ክፍል የለውም። ከሱ ከፍ ያለው አለ፣ ቢዝነስ አለ፣ በቃ።

የአውስትራሊያው ኳንታስ ደግሞ ከሲድኒ ለንደንና ኒውዮርክ ሳያርፍ ሊበር ተነስቷል። 12 ኤርባስ ኤ350-1000 አዟል። 20 ሺህ ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ አስገጥሞበታል። እስከ 22 ሰዓት አየር ላይ ነው። ወንበሩ 238 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይሄንኑ የአውሮፕላን ዓይነት ገዝቷል፣ በ2024 መጨረሻ ከአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው እሱ ነው። የኛ ወንበር ግን 395 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታይ ማን ለማን አውሮፕላን እንደሚያበር ይገባሃል። አንዱ ጊዜው ውድ ለሆነ ሰው ነው። ሌላው ቲኬት ለመግዛት ዕቁብ ለጠበቀ ሰው ነው።

ታዲያ መቆሚያዎቹ ምን ይሆናሉ? ኳንታስ ከሲድኒ ለንደን ሲሄድ ከ2013 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ዱባይ ላይ ይቆም ነበር። በ2018 ከፐርዝ ለንደን 14,500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ያለማረፍ ጀመረና ዱባይን ተወ። ዱባይ ግን ስትጎዳ አላየንም። ምክንያቱም ዱባይ የነዳጅ መቆሚያ ብቻ አይደለችም። ከመቶ ከተማ የመጣ ሰው ወደ ሌላ መቶ ከተማ የሚበተንባት ናት። ሻነንና ጋንደር አውሮፕላን ነዳጅ ስላጠረው የሚያርፍባቸው ነበሩ። አውሮፕላኑ ሲጠነክር አለቀ። ሰው የሚለዋወጥባት ከተማ ግን የምትጎዳው፣ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል በየቀኑ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው ሲገኝ ነው። ያ ደግሞ ለትልልቆቹ ከተሞች እንጂ ለሁሉም አይገኝም።

አዲስ አበባን ሳስብ ልቤ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ለራሳችን መቆሚያ ፈላጊ ነን። ለሌላው ደግሞ መቆሚያ ነን።

የአክስቴ ልጅ ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ይሠራል። እንግዶቹ አብዛኞቹ የትራንዚት ናቸው። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ፣ ከሉሳካ ወደ ሙምባይ፣ ከሃራሬ ወደ ዱባይ። አንድ ሌሊት ያድራሉ ወይም ስድስት ሰባት ሰዓት ተኝተው ይሄዳሉ። የሆቴሉ ኩሽና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቁርስ ያቀርባል። ሹፌሮቹ በሚኒባስ ያመላልሳሉ። አንዲት የኪንሻሳ ነጋዴ አለች፣ ጨርቅና ጫማ ከጓንዡ የምታመጣ። በሁለት ወር አንዴ ታልፋለች። ነጠላ ጫማዋንና አንዲት ሻርፕ በትንሽ ፌስታል አስራ እሱ ዘንድ ትተዋለች፣ ሁልጊዜ ስለምትመለስ። ስትመጣ ከመታጠቢያ ቤት በፊት ፌስታሏን ነው የምትጠይቀው። አማርኛ አታውቅም። «ቡና» ግን ታውቃለች። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ አራት ወር ስትቀር የአክስቴ ልጅ ፌስታሉን እንዳይጥሉት ቤቱ ወስዶ አስቀምጦላታል።

ከኪንሻሳ ጓንዡ ቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ቴክኒኩ ይፈቅዳል። በየቀኑ የሚሞላው ሰው ግን የለም። ከስልሳ በላይ የአፍሪካ ከተሞች ሰው ቦሌ ላይ ሲሰበሰብ ነው የጓንዡው አውሮፕላን የሚሞላው። ስለዚህ ቦሌ እንደ ጋንደር አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ለብዙ ዓመት አይሆንም።

ስጋት የለኝም ማለቴ ግን አይደለም። በጥቅምት 2018 የኬንያ አየር መንገድ ከናይሮቢ ኒውዮርክ ያለማረፍ መብረር ጀመረ። ናይሮቢም ደጋ ናት፣ ግን ከቦሌ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ያቺ 700 ሜትር ናት ልዩነቱ። ከዚያ በፊት አሜሪካ የሚሄድ የናይሮቢ ሰው አንድ ቦታ መቆሙ አይቀርም ነበር፤ በአውሮፓ ወይ በዱባይ ወይ በኛ በኩል ነበር የሚያልፈው። እንዲህ ትልልቆቹ ከተሞች አንድ በአንድ የራሳቸውን ቀጥታ ሲያገኙ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ጥሩ የሚከፍለው መንገደኛ ነው። የሚቀረው ርካሽ ቲኬት የሚፈልገው ነው። እኔ ያንን መንገደኛ እወደዋለሁ፣ እኔም እሱው ነኝ። ግን ያለ መጀመሪያው፣ የሁለተኛው ቲኬት ይወደዳል። የአክስቴ ልጅ ደመወዝም፣ የሌሊቱ ቁርስም፣ የሚኒባሱ ሹፌርም እዚያ ውስጥ አሉ።

አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ ትልቅ ኤርፖርት ተወጥኗል። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እኔ ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የእማዬ ጉልበት ነው። ከዚያ ተነስቶ ምናልባት አንድ ቀን ሰውም ሻንጣም ሞልቶ፣ ሳያርፍ ዋሽንግተን የሚገባ አውሮፕላን ይኖራል። አባዬን በስልክ ጠየቅሁት። «ዝቅ ማለቱ ደግ ነው» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ሙቀቱንስ? ቢሾፍቱ እኮ ትሞቃለች» አለ። እውነቱን ነው፣ ሙቀትም አየር ያሳሳል። ያም ሆኖ የከፍታው ጥቅም ያመዝናል፤ በዚያ ላይ መንደርደሪያው ረጅም ከሆነ። «እንግዲህ ጎበዝ ይሠራዋል» አለኝ።

ያ ቀን ከመጣ መንገድ ላይ የሚቀዳልን ሰው የኛን አውሮፕላን ያጣል። ደብሊን ላይ የቀዳልንን ሰውዬ አይቼዋለሁ። ከእማዬ ጋር በግራ በኩል ነበር የተቀመጥነው፣ ከክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ። እማዬ አባትሽ ቢሆን ስትል ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን ሰው ከመኪናው ወረደ። ቆቡን ወደ ታች ጎተተ። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ስቦ አውጥቶ ከአውሮፕላኑ ጋር አያያዘ። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ ወፍራሙን ቱቦ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣው። ክንፉ ሥር ያለው መድረክ ላይ ቆሞ ቱቦውን ወደ ላይ ገፋው፣ ግማሽ ዙር አዞረው፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው መቆለፉን ለማየት። አባዬ በሩን ከቆለፈ በኋላ ልክ እንደዚያ ነው የሚመታው። ዝናቡ እጅጌው ውስጥ ይገባበታል። አንዴ ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ። እማዬን አሳየኋት። ከመቀመጫዋ ወደኔ ተጠግታ አጎንብሳ አየችው።

«ብርድ ነው የሚመታው ይሄ ሰው» አለች። «ልብሱን ማን ያጥብለታል?»

ነዳጁ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። እማዬ ቀበቶዋን አላሰረችም፣ ስለ መውረድም መልሳ አላነሳችም። መስኮቱን እያየች ነበር። ሰውዬው ጨርሶ ሲሄድ እጇን አንስታ አውለበለበችለት። እሱ አላያትም።

ዋሽንግተን ደርሰን ቤት ስንገባ መጀመሪያ የደወልነው ለአባዬ ነው። እማዬ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እማዬ ጉልበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደብሊን የቀዳላችሁን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሽቦውን ነው መጀመሪያ ያሰረው ወይስ ቱቦውን?»

«ሽቦውን። ከዚያ ነው ቱቦውን ያወጣው።»

«ሲጨርስስ?»

«ቱቦውን ነቀለ። ሽቦውን መጨረሻ ላይ ፈታ።»

«ጎሽ» አለ አባዬ። «በይ አሁን እናትሽን ስጪኝ።»